ሦስቴ የሚንኳኳው በር

እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ፤ ቲቸርን በጡረታ ልንሸኝ ነው! ብርጭቆ ያልያዘ ይያዝ፤ የያዘ ደግሞ እስክጨርስ እንዳይጠጣ። ወሬ ከጀመርኩ ማቆሚያ እንደሌለኝ ከቲቸር በላይ የሚያውቅ የለም፤ ድሮ ተማሪያቸው ነበርኩ፣ አሁን ከጎናቸው ፎቶ አስተምራለሁ።

ቲቸር እዚህ ትምህርት ቤት የመጡ ቀን እኔ አልነበርኩም፣ ዘበኛችን ግን ነበሩ። እሳቸው እንደሚሉት አንዲት ሴት ጥቁር ላስቲክ ተሸክማ ገባች፣ ቀጥ ብላ መጥረጊያ የሚቀመጥበት ክፍል ሄደች፣ መስኮቱን ትሸፍን ጀመር። ዘበኛችን ያኔ ወደነበሩት ዳይሬክተር እየሮጡ ሄደው፣ «ጌታዬ፣ አንዲት ሴትዮ መጥረጊያ ቤት ራሷን እየቆለፈች ነው፤ ፖሊስ ልጥራ ሐኪም?» «ይተዋት፣ አዲሷ የፎቶ አስተማሪ ናት» ቢሏቸው፣ «ፎቶ በብርሃን አይደል እንዴ የሚነሳው?» አሉ። ጋሼ፣ ዛሬም አልገባዎትም አይደል? ፊልም የምናጥብበት ጨለማ ክፍል እንዲህ ተወለደ።

የአሁኑን ዳይሬክተራችንን ደግሞ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ቲቸር ለመታወቂያ ፎቶ አነሷቸው። «ኧረ ይድገሙልኝ!» ቢሉ፣ «ምን እደግማለሁ? ስብሰባ ላይም እንዲሁ ነዎት» አሏቸው። ያ መታወቂያ እስከ ዛሬ ኪሳቸው ውስጥ አለ።

የቲቸርን ማንኳኳትማ ማን ያጣዋል? ሦስቴ ሳያንኳኩ በር አይከፍቱም። የገዛ ቢሯቸውን ያንኳኳሉ። የመምህራኑን ፍሪጅ ያንኳኳሉ! የሒሳብ መምህራችን፣ «ቲቸር፣ ወተቱ ‹ይግቡ› እስኪልዎት ነው የሚጠብቁት?» ብሏቸው ነበር። ምክንያቱንም ሁላችን እናውቃለን እንላለን፦ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጨለማ ክፍሉን በር ረስተው ከፍተው የአሥራ ሁለት ተማሪ ፊልም አቃጠሉ፤ ፊልም ሳይታጠብ ብርሃን ካገኘው አለቀለት። ለኤግዚቢሽኑ የቀረው አራት ቀን ነበር። ይኸው «ቲቸርን በር አታስነኩ!» እያልን ስንስቅ ኖርን። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ቲቸር፣ በእጅዎ «ቁጭ በይ» አይበሉኝ፤ ዛሬስ አልቀመጥም።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እንደ እናት ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ምጥ ይዟት ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። ቲቸር በየዕረፍቱ «እንዴት አደረች? ምን አሉሽ?» ይሉኛል። በሰላም መገላገሏን ስሰማ ከደስታ ብዛት ራሴን ሳትኩ፤ እየበረርኩ መጥቼ በሩን ብርግድ አደረግኩና «ወለደች!» ብዬ ጮህኩ። አሥራ ሁለቱም ፊልም ማጠቢያው ውስጥ ነበር። የቀረው ክዳኑ ብቻ ነበር፤ ክዳኑ ደግሞ በቲቸር እጅ ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሌላውን ሥራ ያበላሸ ተማሪ ከፎቶ ትምህርቱ ይወጣል፣ ደንቡን ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ ያኔ ከዚያ ክፍል ሌላ ደስ ብሎኝ የምገባበት ቦታ አልነበረኝም። ቲቸር ፊልሙን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ያሉት ቃል ይኸው ነው፦

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት» አልኩ እያለቀስኩ።

«እሰይ! እሰይ! በይ ፊትሽን ታጠቢ፤ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ልጆቹና የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር ሲመጡ ቲቸር «በሩን ረስቼ ከፍቼው ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሏቸው። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። አሥራ ሁለታችንንም ይዘው ሦስት ቀን ሙሉ እየዞሩ እንደ አዲስ አስነሱን፤ ኤግዚቢሽኑም በቀኑ ተከፈተ። እኔን አንድም ቀን «አንኳኪ» ብለውኝ አያውቁም። እሳቸው ራሳቸው ማንኳኳት ጀመሩ፣ እኔም አይቼ ተማርኩ።

«ልናገር» ባልኩ ቁጥር፣ «ተይ፣ ልጅቷ የተወለደችበት ቀን በጥፋት አይነሳ» ይሉኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቲቸር።

ነገ የቲቸር ማህደር ይዘጋል፤ ውስጡ ያለችው ጥፋት ያቺው አንዷ ብቻ ናት። ዳይሬክተር፣ ይኸው በእጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ ከማስጠንቀቂያው ጋር አያይዙልኝ። የተወለደችው ልጅም ያቻት፣ ካሜራ ይዛ በሩ ጋ የቆመችው። የቲቸር የመጨረሻ ተማሪ እሷ ናት። ምነው እሜቴ፣ ከምታለቅሺ ፎቶ አታነሺንም?

ቲቸር፣ ሰው ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ከእንግዲህ ጠዋት የሚቀሰቅስዎት ደወል አይኑር፣ ደጅዎን የሚያንኳኳ ሰው ግን አይጥፋ፤ እኛ አለን። በሉ እንግዲህ፣ ብርጭቆው ከመነሳቱ በፊት ሁላችሁም ጠረጴዛውን ከእኔ ጋር አንኳኩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!

ለቲቸር!