የሐሙስ ምሽት ጭብጨባ

«ብርዱ እንዴት ይዞሻል፣ ታንጉዬ? ጠጋ በይ እስቲ። የደብረ ብርሃን ብርድ ዘመድ አያውቅም። እዚህ የሥዕል ሙዚየሙ ውስጥ ግን ይሻላል፤ ማሞቂያ አለ፣ ወንበሩም ለስላሳ ነው… እንቅልፍ እንዲይዘን ታስቦበት ይሆናል።»

እማማ አመተ ማርያም ይህን የተናገሩት ከኋላ ጥግ ተደብቀው አልነበረም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሙዚየሙ ኃላፊ ማጅራት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠው ነው። ታንጉ ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ እጃቸውን ነካ አደረገቻቸው። ምን ዋጋ አለው፤ የአንኮበር ቄስ ልጅ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሮም ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲያነቡ ኖረው ቢመለሱም፣ የአባታቸው የቅዳሴ ድምፅ እንጂ የቤተ መጻሕፍቱ ዝምታ አልተረፋቸውም።

ታንጉ ከወለጋ ተፈናቅላ ከተማው ዳር መጠለያ ውስጥ የምትኖር ገበሬ ናት። ባለፈው ሐሙስ እዚሁ መድረክ ላይ ወጥታ፣ ሲሸሹ ባሏን መንገድ ዳር እንዴት እንደቀበረች ተናገረች። ስትጨርስ አለቀሰች፤ አዳራሹም አጨበጨበላት። ዛሬ ድገሚው ተብላለች። ያችኑ የተቀደደች ነጠላ ለብሳ እንድትመጣም መልእክት ደርሷታል። አልፈለገችም። ግን አክብሮ የጠራን ሰው እምቢ ማለት ነውር ሆኖባት መጣች።

«ደግ ሰው ናቸው እኮ የዚህ ቤት ኃላፊ… ካልወደዱሽ መች ደግመው ይጠሩሽ ነበር? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ሲባል ሰምተው ነው መሰለኝ፣ በየሐሙሱ ሊይዙሽ ያሰቡት። ትጉህም ናቸው። ለንግግር ሊቅ ይጋብዛሉ፤ ሊቁን ያስተዋውቃሉ፤ አስተዋውቀው ሲጨርሱ ሰዓቱ አልቋል… እንዲህ ለሌላው የሚደክም ከየት ይገኛል? የዚያን ሰሞን ፊልማቸውን አይተሻል? በግ ሣር ሲግጥ፣ ሰዓት ሙሉ። የመዘዞ ገበሬ ደጁ ላይ የሚያየውን እኛን ጨለማ ውስጥ አስገብተው አሳዩን። አጠገቤ የነበሩት አባ ወልደተንሣኤ ‹መቼ ነው የሚታረደው?› ብለው ጠየቁኝ። ጥበብ ትዕግሥት ትፈልጋለች፣ አባ፣ አልኳቸው።»

የኃላፊው ማጅራት አልተነቃነቀም። ታንጉ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ልትሸፍን ስትል ጣቷ በቀዳዳው አለፈ።

«ነጠላሽ ታምራለች። በፌስታል የያዝሻት አዲሲቱ ናት? ለመመለሻ… ልክ ነሽ፤ ለዚህ አሮጌዋ ትሻላለች ብለዋል አሉ። ዓይን አላቸው። ዓይን ስል… መግቢያው ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ፎቷቸውን አየሽው? በጎን የተነሡትን። ከአንኮበር አብረውኝ የመጡት አሮጊቶች ደጁ ላይ ሲደርሱ አማተቡ። አባቴ ሠዓሊም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሥል ጻድቁን ፊት ለፊት ነው የሚያወጣው፣ በሁለት ዓይኑ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳና ሰይጣን ናቸው፣ ገራፊዎቹም። እኔ ግን አሮጊቶቹን ተቆጣኋቸው። እኒህን የሚያህሉ የሥዕል ሊቅ ይኼንን ሳያውቁ ቀርተው ነው? ትሕትና ነው እንጂ። ማን ራሱን ከጻድቃን ይቆጥራል? ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ… ዓይኑ አንድ ሲሆን እንግዲህ ልቡም በዚያው መጠን ነው።»

ሰውየው የአንገት ልብሱን ሳብ አድርጎ ማጅራቱን ሸፈነ።

«በረዳቸው መሰለኝ… እኔ ያልገባኝ ነገር ቢኖር ይኼ ነው፤ ርቄ ስለኖርኩ ደንቡ ተለውጦ ይሆናል። እናንተ ዘንድ የሞተበት ሰው ሲያለቅስ፣ የመጣው ሰው ምን ያደርጋል? አብሮ ያለቅስ የለ? እንባ እምቢ ቢለው እንኳ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። እኛም ዘንድ እንደዚያ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ግን እሳቸው ብድግ ብለው ሲያጨበጭቡ፣ እንግዶቹ ተከትለው ሲያጨበጭቡ… አንቺ እንባሽን ይዘሽ የምትገቢበት ጠፍቶሽ ስትቆሚ… እንዴት ያለ ሥልጣኔ ነው አልኩ። ድሮ ‹በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት› ነበር። ዛሬ መብራት ነው የሚሰድዱበት። እድገት አይደለም ይኼ?»

ታንጉ ያን ምሽት ወደ መጠለያው ስትመለስ ባሏን ሁለተኛ ቀብራ የመጣች መስሏት ነበር፤ ለማንም አልተናገረችውም። እኒህ አሮጊት ከየት አወቁት?

የአዳራሹ መብራት ጠፋ፤ መድረኩ ላይ ክብ ብርሃን ብቻ ቀረ። ኃላፊው ወደ ኋላ ዞረ። እማማ አመተ ማርያምን እንዳላየ አልፎ ለታንጉ በእጁ ምልክት ሰጣት፤ ነይ፣ መድረኩ ላይ ውጪ።

ታንጉ የተቀደደችውን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደች። አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት። ከፌስታሉ አዲሲቱን አወጣች፤ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰቻትና አንገቷን ደፍታ እዚያው ወንበሯ ላይ ቀረች። ከኋላ የነበሩት የአንኮበር አሮጊቶች ይህን አይተው እነሱም አንገታቸውን ደፉ። ለቅሶ ቤት መግባታቸውን ያወቁት ገና አሁን ነው። ከእንግዶቹ መሀል አንዱ ሊያጨበጭብ እጁን አንሥቶ፣ ዙሪያውን አየና መልሶ አወረደው።

የኃላፊው እጅ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። እማማ አመተ ማርያም ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው የጠበል ጠዲቅ ምርቃት ያህል ለሰለሰ።

«ልፋታቸውን ቆጥሮ እግዚአብሔር ይክፈላቸው፣ ታንጉዬ፤ አሜን በይ። ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። በሐዘናቸው ቀን ሰው አይጡ። አዳራሹ ጢም ይበልላቸው፣ መብራቱ ፊታቸው ላይ ይድመቅላቸው… ያን ጊዜ ፊት ለፊት፣ በሁለቱም ዓይናቸው ሲያለቅሱ ለማየት ያብቃን፤ ሲጨርሱም ቆመን እናጨብጭብላቸው።»