የቻይና ትኬትና የእትዬ ጠሂራ ጎረቤት

እትዬ ጠሂራ፣ እንዴት አደሩ? ልጆቹ ደህና? ይሄ ዝናብ ሶማሌ ተራን ጭቃ በጭቃ አደረጋት አይደል... የእርስዎ መጋረጃ ጨርቅ ግን እንዳማረበት ነው።

ቻይና ሊሄዱ ነው አሉ! እሰይ! ታዲያ ትኬቱን በስልክዎ አወዳደሩ? ያቺን የየትኬት ቢሮውን ዋጋ በየማለዳው ለቅማ፣ ከርካሹ ጀምራ የምትደረድረዋን መተግበሪያ ማለቴ ነው። ስትከፈት የአንድ ትልቅ ሰው ፎቶ ብቅ የሚልባትን... አዎ፣ እኚሁ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤትዎ። እንዴት ያለ ፎቶ ነው! ግንባራቸው ራሱ ያበራል።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? በራቸው ክፍት ነው መሰለኝ... ይሁን፣ ምስጋና ነው፤ ቢሰሙስ?

ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን እኮ። እኔ ስማር እሳቸው አጠገቤ ይቀመጡ ነበር። ያቺን መተግበሪያ ሁለት ክረምት ቁጭ ብዬ ስሠራት ደግሞ ሻይ ያመጡልኝ ነበር። ትሑት ናቸው! አንድ ቀን ብነሳ የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል፣ ስሜ ወጥቶ ፎቶአቸው ገብቷል። ለሰው ሲያስተዋውቁኝም «ስልኬን ቻርጅ የሚያደርግልኝ ልጅ ነው» አሉ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ሰዎች እሳቸውን አላዩም ማለት ነው?

ከዚያ የራሳቸውን ትኬት ቢሮ ከፈቱ። ደግ አደረጉ! ታዲያ የዛሬውን የቻይና ዝርዝር አዩት? እስከ ታች ወረዱ? ... ውይ፣ ይውረዱ እንጂ! መጨረሻ ላይ ያለው፣ ከሁሉ የተወደደው፣ የማን ቢሮ ነው? ሃሃ! ትናንትም እዚያው ነበሩ። በገዛ ፎቶአቸው ሥር! «ከእኔ አትግዙ» ብሎ በየማለዳው ለሕዝብ የሚያውጅ ሐቀኛ ነጋዴ መርካቶ አይታ ታውቃለች?

«ለምን ዝርዝሩን አያስተካክሉትም?» ይሉኝ ይሆናል። የት እንደሚነካ ቢያውቁማ... ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ይቺን መተግበሪያ ግን እኔ ነኝ ረጋ ብዬ ያሰርኳት።

ይኸው፣ ስልኬ ጠራ! ማን ይመስልዎታል? ... ከግድግዳው ወዲያ ሲያቃስቱ አይሰማም? ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። አላነሳም። ምን ልረዳቸው እችላለሁ፣ እኔ እንደሆንኩ ቻርጅ አድራጊ ነኝ።

በሉ፣ እርስዎ ከላይ ካሉት ይግዙና በሰላም ደርሰው ይመለሱ። ለእሳቸውም ፈጣሪ ረጅም፣ እጅግ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። እስኪማሩ ድረስ ያቆይልን።