የጎደሉት ሁለት ፊደላት

ክቡራትና ክቡራን፣ ርእሰ መምህራችን አቶ ሙርሺድ፣ የሰርቦ ባልደረቦቼ፤ ይህን ሁሉ ወንበር ደርድራችሁ ወደ ጡረታ ስለሸኛችሁኝ እግዜር ያክብርልኝ። ጋቢውም አምሮብኛል። ልታለቅሱ የመጣችሁ ካላችሁ ግን ቆዩ፤ እኔ የመጣሁት ልናዘዝ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ የመለስኩባትን አረንጓዴ ደብተሬን የማያውቅ አለ? «የኤሌክትሪክ ቻርጅ ፍጥነት ካለው ጨረር ያወጣል» ትላለች። ስንቱ ልጅ ሸምድዶታል!

የዛሬ ሁለት ዓመት መምህርት ረሺዳ ከጅማ ተመድባ መጣች። አንድ ቀን በመምህራን ክፍል፣ በእናንተው ፊት ደብተሬን አገላብጣ፣ «ጋሽ ሀብቴ፣ ማሎ፣ እባክዎ እንዳይቀየሙኝ፤ ሁለት ፊደል ጎድሏል። ፍጥነት ሳይሆን ፍጥንጥነት ነው» አለችኝ።

«አንቺ ሳትወለጂ የጻፍኩት ነው!»

«እሱስ ልክ ነዎት፤ ስህተቱ ታላቄ ነው።»

ሳቃችሁ። ማን ማን እንደሳቀ እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ከዚያ ስታስተምር በመስኮት ሰማኋት። «ባጃጅ ቀጥ ባለ መንገድ በአንድ ፍጥነት ሲሄድ ተሳፋሪው ዝም ይላል። ድንገት ሲነሳ፣ ሲታጠፍ፣ ፍሬን ሲይዝ ነው ‹ማሎ ቀስ!› የሚለው። ቻርጅም ጨረር የሚያወጣው ፍጥነቱ ወይም አቅጣጫው ሲለወጥ ነው።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ክፍል የሳቀ ልጅ ይባረር ነበር።

ልክ መሆኗን ያኔውኑ አውቄአለሁ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ቀናሁ። ተማሪዎቼ በእረፍት ሰዓት ወደ እርሷ ሲሮጡ ሻዬን ትቼ በመስኮት እቆጥራቸው ነበር።

ረሺዳ፣ ከአሥራ ሁለተኛ ወደ ዘጠነኛ ክፍል የወረድሽው በመምህር እጥረት አይደለም። እኔ ለምኜ ነው። አቶ ሙርሺድ፣ ጣሪያ ጣሪያውን አይዩ! «ልጅቷ ገና አልበሰለችም» ያልኩዎት ውሸት ነበር። ዛሬ በሰው ፊት እለምንዎታለሁ፤ ክፍሌን ለእርሷ ይስጡልኝ።

አረንጓዴዋ ደብተሬም ይኸው፣ ረሺዳ። «ንጥ»ን ትናንት በቀይ እስክሪብቶ አስገባሁ። ሁለት ፊደል ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አሁንም እቀናለሁ፤ ቅናት ጡረታ አይወጣም።

ሽማግሌ ሲመርቅ መንገዳችሁን ቀጥ ያድርግላችሁ ይላል። እኔ ግን ቀጥ ባለ መንገድ በአንድ ፍጥነት ሠላሳ አንድ ዓመት ሄጄ ምን ብርሃን አወጣሁ? ስለዚህ መታጠፊያ አይጥፋባችሁ፤ ጤናና ሳቅ አይለያችሁ። እኔ ቀናሁ፤ እናንተ ግን ይቅናችሁ።

ረሺዳ፣ አንቺም ይቅናሽ። ብቻ ቀስ እያለ፣ እኔ እስክለምደው።