ለሁለት ሰው አንድ ኮዳ

እንደምን ዋልክ ወንድሜ! ሥራ እንዴት ነው? … ኧረ ሱቁን አሳምረኸዋል! ባለፈው ስመጣ ይሄ መስታወት እዚህ አልነበረም። ጥሩ አድርገሃል፤ ሰው ጫማ ሲለካ እግሩን ብቻ ሳይሆን ራሱንም አየት ቢያደርግ ምን ይጎዳዋል? … ውጭው እንዴት ይሞቃል በናትህ! ከስፌት ቤት እዚህ እስክንደርስ ቀለጥን። እሷማ… እሷን ተዋት፣ ጫማ ልትለካ ነው። እዚያ በርጩማው ላይ ትቀመጥ፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ስጣት። እኔና አንተ የራሳችንን ጉዳይ እንጨርስ።

የምፈልገው ኮዳ ነው። የሩጫ፣ ይሄ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት። ነበረኝ… አዎ፣ ነበረኝ። ጠፋ። ኮዳ ይጠፋል እንዴ አትለኝም? ይጠፋል! አንዳንዴማ እግር አውጥቶ ይሄዳል። እንዲያውም ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል።

ሁሉንም አውርድልኝ እስቲ። አዎ፣ ያንንም። አትቸኩል፣ ጊዜ አለኝ፤ መብራት ጠፍቶ የስፌት መኪኖቻችን ቆመዋል። ደግሞ የሚገዛልኝ ሰው አግኝቻለሁ። «ኮዳሽ ከጠፋ ምን ችግር አለ፣ እኔ እገዛልሻለሁ» አለችኝ አንዲት ወዳጄ። ሳልጠይቃት! አየህ ደግነት? እሷ እንዲህ ናት፤ የጠፋ ነገር በመተካት ማንም አይቀድማትም… ይቺን የተቀመጠችውን ነው የምትለኝ? ኧረ በስማም! እሷ ጫማ ልትለካ ነው የመጣችው አልኩህ እኮ። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። አንተ አታውቃትም… እኔም የማውቃት መስሎኝ ነበር።

ይሄ ትልቁ ስንት ይይዛል? ሰባት መቶ? ሞልተህ ያዘው እስቲ… ክንድህን እጠፍ፣ እንደ ሯጭ… ከበደህ አይደል? ለእኔ ግን ብርቅ አይደለም። ያቺ ወዳጄና እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሁለት አንድ ኮዳ ነው የያዝነው። ሌላው ሯጭ ሁሉ ይስቅብናል፤ እኛ ግን ሥርዓታችን ነው። የመንገዱን ግማሽ አንዷ ትይዛለች፣ ግማሹን ሌላዋ። ከመነሻው እኔ እይዛለሁ፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ እሷ ትቀበለኛለች። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ደግሞ ውሃው ተጋምሷል… ምን አሳቀህ? አጋጣሚ ነው እንጂ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ እሑድ፣ አጋጣሚ ነው። እንዲያውም ታዝንልኛለች። «ደከመሽ፣ አምጪ ልያዝልሽ» ብላ በሁለት እጇ ነው የምትቀበለኝ። ግማሹ የጎደለ ኮዳ እንደ እሷ አክብሮ የሚይዝ ሰው አላየሁም።

ማሰሪያውን አሳየኝ… ይሄ ላላ ይላል። ይሄኛው ደግሞ በአውራ ጣት በኩል ይፈገፍጋል፤ የስፌቱን ትርፍ ወደ ውስጥ ትተውታል፣ አየህ? አሥር ኪሎ ሜትር ሳትሄድ ቆዳ ያነሳል። አትቀየመኝ፣ ሙያዬ ስለሆነ ነው። የጠፋችውን ኮዳ ማሰሪያ ራሴ ነኝ የሰፋኋት። ከፋብሪካ የመጣው ለዚያች ወዳጄ ሰፋት፤ እጇ ትንሽ ናት። ያቺ ትንሽ እጅ አንዴ ከጨበጠች እንዴት አትለቅም መሰለህ! እና በምሳ ሰዓት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ውስጡን ላስቲክ አስገብቼ፣ ዳሩን በቀይ ክር ድርብ ሰፋሁላት። በእሷ እጅ ልክ። ለእኔ ጠበበኝ። ግን እኔ ምን አለብኝ፣ እስከ ድልድዩ ድረስ ብቻ አይደል?

አንቺ፣ ጠበበሽ እንዴ? … አይ፣ ጫማውን ነው የምልሽ! … ሠላሳ ዘጠኝ ስጣት ወንድሜ። በዚህ ሙቀት እግር ያብጣል። ፊትም ይቀላል።

ይሄኛው እንዴት ነው የሚጠጣው? በጥርስ ተስቦ? አይ፣ ይቅርብኝ። ጥርሴን ነክሼ የያዝኩት ሌላ ነገር አለኝ። ይሄኛውስ? ጨመቅ ሲያደርጉት ይወርዳል፣ ሲለቁት ይዘጋል? ገልብጠው እስቲ፣ እጄ ላይ… ጠብ አላለም! አራግፈው… ምንም! ጎሽ። ይሄማ ያቺን ወዳጄን አስታወሰኝ። ነገር ስትይዝ እንዲህ ናት። አራት ሳምንት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሰፋ፣ አንዲት ነገር ከአፏ ጠብ አላለችም። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ይሄ ለስላሳው ምንድነው? ፊኛ ነው እንዴ? … አሃ፣ ውሃው ሲጎድል አብሮ ይኮማተራል። ስለዚህ አይንቦጫቦጭም! ብልህ ሰው ነው የሠራው። የእኛ ደረቅ ፕላስቲክ ነበር፤ መጉደል ሲጀምር ነው ጩኸቱ። ቦጭ ቦጭ ቦጭ… እስክንገባ ድረስ። ለነገሩ እኔ አልሰማውም ነበር፤ ወዳጄ ጨዋታ አዋቂ ናት። እኔ እየሮጥኩ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እሷ እየሮጠች የሰው ትዳር አፍርሳ መልሳ ታስታርቃለች። ሳንባ የሰጣት!

ኪስም አለው? ለቁልፍ? … የቤቴ ቁልፍ አንዱ እሷ ጋ ነው። ሥራ ሲበዛብኝ ልጄን ከትምህርት ቤት ተቀብላ፣ አብልታ፣ የቤት ሥራውን አሠርታ ትቆየኛለች። ይሄን አልክድባትም፤ ሐሰት ተናግሬ የት እገባለሁ? ልጅ ማብላት ሜዳሊያ የለውም፣ የሚያጨበጭብም የለ። እንደዚያም ሆኖ ታደርገዋለች። እኮ፣ ለዚህ ነው የገረመኝ…

ምን ልበልህ… ቀለሙ! ግራጫ አለህ፣ ጥቁር አለህ። ደማቅ የለህም? … ያ ብርቱካኑ! እሱን አምጣው። መንገድ ላይ ቢወድቅ ከሩቅ እንዲታየኝ ነው። ያቺ የቀድሞዋ ወድቃ ነው አሉኝ የጠፋችው። ማን አለ? በእጁ የያዛት ሰው ነዋ።

ከአራት ሳምንት በፊት የሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ውድድር ሮጥን፤ በዚያው በድልድዩ መንገድ። አሥራ አምስተኛው ላይ ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ። መንገድ ዳር ዝርፍጥ! ድልድዩን አልፈናል፣ ኮዳው እሷ ጋ ነው። «አይዞሽ! ሐኪም ጠርቼ፣ ውሃውን ሞልቼ መጣሁ!» አለችኝ። አንድ ጉንጭ ሰጥታኝ ብትሄድስ? ኧረ ጊዜ ማባከን ነው! ሮጠች። እንዴት ሮጠች መሰለህ! አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሮጥ እንደዚያ ስትፈጥን አይቻት አላውቅም። ለእኔ ብላ ነው እንዲህ የምትሆነው ብዬ እንባዬ መጣ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ሯጭ ቆመው ከራሳቸው ላይ ሁለት ጉንጭ ሰጡኝ፣ ባቴንም አሹልኝ። ሰዓታቸውን እያዩ። እሷ ስትመጣ አንገቷ ላይ ሜዳሊያ፣ እጇ ላይ ምንም። «ነዳጅ ማደያው ጋ ሰው ገፍቶኝ ኮዳው ከእጄ ወደቀ፣ ተመልሼ ላነሳው ብል ሕዝቡ አላሳለፈኝም። ሐኪምም አጣሁ፣ ሳላስበው መጨረሻው ጋ ደረስኩ» አለችኝ። ሳላስበው! አንተ ሳታስበው ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ጨርሰህ ታውቃለህ? እሷ ትጨርሳለች። ተሰጥኦ ነው።

አመንኳት። ሳምኳትም። ሜዳሊያውን በእጄ አገላብጬ «ያምራል» አልኳት። በማግስቱ እያነከስኩ ማደያው ጋ ሄድኩ። ጥበቃውን ጠየቅኩት፣ ቦዩን በእንጨት ጎረጎርኩት፣ ከቆመ መኪና ሥር ሁሉ አጎንብሼ አየሁ። ለሦስተኛ ቀን ስሄድ ጥበቃው «እናቴ፣ ወርቅ ነው እንዴ የጠፋብሽ?» አለኝ። ኮዳ ነው አልኩት። አየት አደረገኝና አብሮኝ ይፈልግ ጀመር። ምን ያድርግ፣ ጤነኛ አልመሰልኩትም። እኔን የቆጨኝ ኮዳው አልነበረም፤ ማሰሪያዋ ናት።

ከዚህ ሁለት በር አልፎ ያለውን ፎቶ ቤት ታውቀዋለህ? ጎበዝ ነው አይደል? ትናንት የልጄን ጉርድ ፎቶ ልቀበል ሄጄ ነበር። ለካ መስኮቱ ላይ አዲስ ፎቶ አውጥቷል። ይህን የሚያህል! አንዲት ሴት መጨረሻው መስመር ላይ፣ አንድ እጇን ዘርግታ፣ በሌላው ኮዳዋን ራሷ ላይ ገልብጣ፣ ውሃው ፊቷ ላይ ሲወርድ። ዓይኗ ጭፍን፣ ጥርሷ ፍልቅልቅ። እንዴት ታምራለች መሰለህ! ቆሜ አደነቅኩ። ፎቶው ደግሞ ጥራቱ! እያንዳንዷ ጠብታ ትታያለች። ጣቶቿ ይታያሉ። ክሩ ሁሉ ይታያል… ቀይ ክር። ድርብ ስፌት።

ምንድነው የወደቀው? … ጫማ ነው? አይዞሽ እህቴ፣ ጫማ አይሰበርም!

ማን ናት ነው የምትለኝ? እኔ ምን አውቄ! ውሃው ፊቷን ሸፍኖታል፣ ማንም ልትሆን ትችላለች። ሰው ይመሳሰላል። ስፌትም ይመሳሰል ይሆናላ! እኔን የገረመኝ የውሃው ብዛት ነው። ግማሽ ኮዳ ይሆናል። በዚያ ፀሐይ ያን ያህል ውሃ ሳይጠጡት፣ ሳያጠጡት፣ ይዞ እስከ መጨረሻው መሮጥ… ይሄ ቀላል ትዕግሥት ነው? እኔማ በዚያ ሰዓት እጄ ቢገባ ኖሮ እጨርሰው ነበር። ፎቶውም ይበላሽ ነበር።

እውነቱን ልንገርህ? ስለ መሮጧ አይደለም የከፋኝ። ሰው ሮጦ መጨረስ ያምረዋል፣ ፎቶም ያምረዋል፤ እኔንም ያምረኛል። «መጨረስ አማረኝ፣ ትቼሽ ሄድኩ፣ አጠፋሁ» ብትለኝ ይበቃኛል። ትንፋሽ አያሳጥርም ይሄ፤ ዳገት ላይ እንኳ ይባላል። ይኸውልህ፣ ኮዳውን ፈልጌ ካጣሁ ጀምሮ ልቤ ጠርጥሯል፤ አራት ሳምንት ሙሉ መኪናዬን ቀስ እያልኩ የምሰፋው ለምን ይመስልሃል? ድንገት ብትናገር የመኪናው ድምፅ ቃሏን እንዳይውጥብኝ ብዬ ነው። አለቃዬ «ምነው ሥራ ቀዘቀዘሽ?» ብሎኛል። ባቴን አሞኝ ነው አልኩት።

አሁንም ቢሆን አልረፈደም። ሱቅህ ጸጥ ያለ ነው። አንተም ደህና ሰው ነህ፣ የሰማኸውን ይዘህ የምትዞር አይደለህም። አንድ ሰው አንዲት ቃል ልናገር ቢል… እዚሁ…

…

የጫማ ክር ማሰር እንዲህ ያስቸግራል እንዴ ወንድሜ? ሦስቴ ፈታችው እኮ።

…

እሺ። ጫማው አምሮባታል። መስታወቱም ጥሩ ቦታ ነው ያለው።

በል፣ ወሰንኩ። ትልቁን መልሰው። ከእነዚህ ትንንሾቹ ሁለት ስጠኝ… አዎ፣ ሁለት። ብርቱካኑ ለእኔ፤ ማሰሪያው ለእጄ ልክ ነው፣ አላስተካክለውም። ሌላውን ለዚያች ወዳጄ ጠቅልልልኝ። ልትገዛልኝ ነበር፣ ግን ለምን ትቸገር? ይሄ የእኔ ስጦታ ነው። ከእንግዲህ ሁለታችንም የየራሳችንን እንይዛለን። ከመነሻው፣ ሙሉውን። ድልድዩ ጋ የምንቀባበለው ነገር የለንም። ያኔ እሷም እስከ ድልድዩ ባዶ እጇን ስትሮጥ የኖረችበት ስድስት ኪሎ ሜትር ምን ያህል እንደሚረዝም ታየዋለች።

ቆይ፣ አትዝጋው። ስጦታ ያለ ምርቃት አይሆንም፤ ምርቃቴን አብረህ ጠቅልልልኝ። እንግዲህ ያቺን ወዳጄን እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ። እግሯን ከእንቅፋት ይጠብቅላት። ትንፋሿን አያሳጥርባት። ሜዳሊያዋ ይብዛ፣ ፎቶዋ ከአንድ መስኮት አልፎ ከተማውን ይሙላው። እና ምናልባት… አያድርገውና… አንድ ቀን መንገድ ላይ ባቷን ቢይዛት፣ ብቻዋን አይጣላት። በዚያች ሰዓት ልክ እሷን የመሰለች ጓደኛ ከጎኗ አያሳጣት!

አሜን በል እንጂ ወንድሜ! … አንቺም አሜን በይ እንጂ እህቴ፣ ምርቃት እኮ ነው።