ሁለተኛው መስመር ምን አጠፋ?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16። ጠዋት የተሰለፉ መኪኖች ሃያ አራት፣ የተካሄዱ ምድቦችም ሃያ አራት። አሸናፊ በየመስመሩ፦ አንደኛው ስድስት፣ ሁለተኛው አምስት፣ ሦስተኛው ሰባት፣ አራተኛው ስድስት። ሁለት ጊዜ ደመርኩት፤ ያው ነው። ከሰዓት በኋላ በክበቡ አዳራሽ ሸኙኝ። የተናገርኩት፣ እንደማስታውሰው፣ ይኸው።

ክቡር ሰብሳቢያችን፣ ክቡራትና ክቡራን የውድድር ኮሚቴ ባልደረቦቼ፤

ይህን ሁሉ ወንበር ከየቤታችሁ ተሸክማችሁ ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ኬኩን የጋገረችው ሰዓት ያዣችን መሆኗን ሰምቻለሁ። ስትቆርሱት ብቻ ተራ አውጣልን እንዳትሉኝ።

እንደምታውቁት ሱቄን ይዤ ልጄ ወዳለችበት ከተማ ልሄድ ነው። ለዛሬ ንግግር ጽፌ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ አለ። የዛሬው ጠዋት ግን አበላሸብኝ። ስለዚህ የምትሰሙት ግራ የገባው ሰው የሚናገረውን ነው፤ ታገሡኝ።

አዲስ ለሆናችሁ ልንገራችሁ፤ ሥራዬ ተራ ማውጣት ነበር። የእንጨት መኪኖቻችን ሞተር የላቸውም። ከላይ ይለቀቁና ባለ አራት መስመሩን ቁልቁለት በራሳቸው ክብደት ይወርዳሉ፤ በአንድ ምድብ አራት መኪና። እያንዳንዱ መኪና በአራቱም መስመር አንድ አንድ ጊዜ መውረድ አለበት፤ ደግሞም ከአንዱ ባላጋራ ጋር ደጋግሞ መገናኘት የለበትም። ነጥቡ ተደምሮ ብዙ ያገኘው ዋንጫውን ይወስዳል። ቀላል ይመስላል አይደል? ባለቤቴ ግን ‹‹የገዛ ልጆችህን የመታጠቢያ ቤት ተራ ማስከበር ያቃተህ ሰውዬ›› ትለኛለች። እውነቷን ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከመካከላችሁ ‹‹ሁለተኛው መስመር ፈጣን ነው›› ብሎ የማያውቅ ማን አለ? እኔም ብያለሁ። ለምን አልል? ከምድቦቹ ከግማሽ በላይ የሚያሸንፈው በዚያ መስመር ላይ ያለው መኪና ነበር። መንገዱን ከሠራው ከአናጺያችን ጋር ሆነን በውሃ ልክ ለካነው። አንድ መኪና በአራቱም መስመር ላይ አወረድን። ልዩነት የለም። ‹‹ጋሼ፣ እንጨቱ አንድ ነው፤ የላግኩበት መላጊያም አንድ ነው። ምን ላድርግ?›› አለኝ። እኔም ግራ ገባኝ፤ እሱም ግራ ገባው። ፍሬን የለሽ የምንለው ባለ ሉካንዳው ወንድማችን ደግሞ ‹‹ሲፈተሽማ ማን ይሰርቃል?›› አለን።

ያለፈውን ዋንጫ ታስታውሳላችሁ። የፍሬን የለሽ መኪና የቀረው አንድ ሩጫ ነበር፤ እሱም በሁለተኛው መስመር። ሊነሳ ሲል ጎማው ወለቀ። ዋንጫውን በአንድ ነጥብ ብልጫ የአናጺው እህት ወሰደች። ያን ጊዜ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ ‹‹መንገዱን የጠረበው ለእህቱ ነው›› ተባለ። አናጺው የመሣሪያ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ በር አልገባም። ኮሚቴውም መንገዱ ሰኞ ተቆርጦ እንዲጣልና የብረት እንዲታዘዝ ወሰነ። መጋዙ መጥቷል። ስገባ በር ላይ ተደግፎ አየሁት።

እንግዲህ የዛሬው ጠዋት። ትናንት የማስታወቂያ ሰሌዳው የመስታወት በር ቁልፍ ጠፍቶ ነበር። ተራው እንደ ወትሮው ዓርብ ማታ አልተለጠፈም። ስለዚህ የየምድቡ መኪኖች ማንም በማይነካቸው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ በኋላ፣ እዚያው መነሻው ላይ ቆሜ፣ መስመራቸውን በአፌ እየጠራሁ አስገባሁ። ሁለተኛው መስመር ከአራቱ መጨረሻ ወጣ።

መንገዱን ማንም አልነካውም። ሰብሳቢያችንን ብጠይቃቸው ‹‹እኔንስ ማን ይንገረኝ?›› አሉ። ሰዓት ያዣችን ሰዓቱ ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ ከፍታ አየችው። ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ ልብስ ሰፊዋን እትዬን እንዴት ነበር አልኳቸው። ተቆጡ። ተራውን ደብቄ ዘይታቸውን እንዳባከንኩባቸው ነገሩኝ።

የምን ዘይት? ደንባችንን ታውቃላችሁ። ጎማ የሚቀባው በውድድሩ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቅባቱም ከአንድ ሩጫ አያልፍም። ዘይቱ እንጨቱን እንዳይበላው ብሎ ያን ደንብ ያስወጣን ራሱ አናጺው ነው።

‹‹አንድ ጊዜ ከሆነማ ለፈጣኑ መስመር ነዋ የማስቀምጠው›› አሉኝ እትዬ። ‹‹ተራውን ዓርብ አያለሁ፤ ሁለተኛው ላይ ሲደርሰኝ እቀባለሁ። ዛሬ ሳላውቅ ሦስተኛው ላይ ፈሰሰብኝ።››

ፀጉር አስተካካዩን ጠየቅኩ፤ እሱም እንደዚያው። የመካኒኩን ልጅ ጠየቅኩ፤ እንደዚያው። ፍሬን የለሽን ጠየቅኩት። ‹‹ሌላ የት ላድርገው ታዲያ?›› አለኝ።

አያችሁ? ሁለተኛው መስመር ፈጣን የነበረው ሁላችሁም እዚያ ላይ ስለምትቀቡ ነው። እዚያ ላይ የምትቀቡት ደግሞ ፈጣን ስለሆነ ነው። የቱ ቀደመ? ማን ጀመረው? ጠዋት ሙሉ አሰብኩት፤ አልደረስኩበትም። ዘይቱን የምሸጥላችሁ እኔ ነኝ። ዓርብ ዓርብ ሱቄ በር ላይ ትሰለፋላችሁ። የት እንደምታደርጉት ጠይቄ አላውቅም፤ ነጋዴ ዕቃው ከተሸጠ ምን ይጠይቃል?

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ሁሉም አንድ ጊዜ ከቀባ፣ ሁሉም በሁለተኛው መስመር አንድ ጊዜ ካለፈ፣ ያለፉት ዋንጫዎች ትክክል ነበሩ ማለት ነው? ነበሩ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ሳይቀባ ጎማው የወለቀበት ሰውስ እላለሁ። ራሴን ያዞረኛል። ይህን ለሚተካኝ ትቻለሁ፤ እግዜር ይርዳው። ብቻ ተራውን ዓርብ አይለጥፍ፤ መነሻው ላይ ይጥራ።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ነገር ብቻ ግልጽ ሆኖልኛል። አናጺው ማንንም አላታለለም። ‹‹የአንድ ጠዋት ውጤት ማስረጃ አይሆንም›› የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ እኔም በአንድ ጠዋት ገበያ ዕቃ አላዝዝም። ስለዚህ እኔን አትመኑኝ። መጋዙን አቆዩትና ሌላ ቅዳሜ እንደዛሬው ሞክሩት። ሁለተኛው መስመር ያኔም ካላሸነፈ፣ የሰውየውን ስም ባጠፋንበት አዳራሽ መልሳችሁ ጥሩት። የተቆረጠ እንጨት ግን አይቀጠልም። እሱ ደግሞ ሌላ አይሠራልንም።

ብዙ አወራሁ። ለደከማችሁልኝ ሁሉ ይስጥልኝ። ጎማችሁ አይውለቅ፤ ቁልቁለታችሁ የቀና ይሁን። ልጆቻችሁ የእናንተን መኪና የሚቀድም መኪና ይሥሩ፤ እናንተም ተቀድማችሁ ለመሳቅ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። እኔንም በበጎ አንሱኝ።

እዚህ ላይ ጨረስኩ። ጭብጨባው ዘግይቶ መጣ። ሰብሳቢው መጋዙ ወደ ዕቃ ቤት እንዲገባ አዘዙ፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልተናገሩም። እትዬ አሁንም እንደተቆጡ ነው።

ኬክ እየበላሁ ፍሬን የለሽ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ያን ጊዜ ‹‹ለእህቱ ነው›› ያለው እሱ ነበር፤ በንግግሬ ግን ማን እንዳለው አልጠቀስኩም።

‹‹አናጺው ነገ ቤት ይኖራል?›› አለኝ።

‹‹እሑድ አይደል? ይኖራል።››

‹‹ብቻዬን ብሄድ በሩን አይከፍትልኝም።››

‹‹እኔ ካለሁ ይከፍታል። የምትናገረው ግን አንተ ነህ።››

ምን ብሎ እንደሚጀምር ጠየቀኝ። መጀመሪያ በሩ ይከፈት አልኩት።

ነገ፦ ሱቁን ለባለቤቴ አደራ መስጠት። በሦስት ሰዓት ባለ ሉካንዳውን ከቤቱ መውሰድ። አናጺው ጋር መሄድ።