ጎረቤት ያልተቆጠረበት ባትሪ

ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ካርቶን አቅፈው ከጎናቸው ካለችው ሴት ጋር ያወራሉ።

«ምን ገዝተው ነው አባቴ?»

«ኢንቨርተር። ሶላሩንም የመስመሩንም መብራት የሚቀበል፣ ሀይብሪድ ነው አሉኝ። ባትሪውን ነገ ያመጡልኛል።»

«ማሻ አላህ። ባትሪውን ትልቁን ነው ትንሹን?»

«ትንሹን። ባለሙያው የቤቴን ዕቃ ቆጥሮ ይበቃዎታል አለኝ። አራት አምፖል፣ ቲቪና አንድ ፍሪጅ።»

«ጎረቤትስ ቆጠረ?»

«ጎረቤት ደግሞ እዚህ ምን ቤት ነው?»

«እኔም ሶላር ያስገባሁ ጊዜ እንደዚያ ብዬ ነበር። ወላሂ፣ መብራት በጠፋ በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሰባት ስልክ እኔ ቤት ተሰካ። በማግስቱ ፍሪጅ ይግባልን ብለው ሥጋቸውን ይዘው መጡ።»

«እምቢ አትይም?»

«እርስዎ እምቢ ይላሉ?»

ሽማግሌው ስልካቸውን አወጡ።

«ሄሎ፣ ልጄ፣ ባትሪውን ትልቁን አድርግልኝ... የለም፣ ዕቃው ያው ነው። የጨመረው ሰው ነው... ቶሌ፣ እሺ፣ ነገ አምጣው።»

ስልኬን አየሁት፣ አራት ፐርሰንት ይላል፤ ሽማግሌው የሚወርዱበትን ቦታ ልብ ብዬ ያዝኩ።