በውሃ ቀለም የቆመ ቤት

ኦይታ ከዶርዜ ወደ ከተማ ወርዶ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለው የልክነሽ ሻይ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ያነሳው ወሬ ሙቀቱን ነበር። የደጋ ሰው በዚህ ወር ቆላ መውረዱ ራሱ ንስሐ ነው አለ። የልጆቿን ደኅንነት ጠየቃት፤ የላንቴ ሙዝ ዘንድሮ እንዴት እንደያዘ ጠየቃት። ሻዩ ሲመጣለት ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየበት። ሲገልጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል አየ።

የዶርዜ ቤት ውስጡ ነው፣ በውሃ ቀለም የተሣለ። ከሥሩ ባለው ጠረጴዛ ሠዓሊው ነህምያ ከሁለት እንግዶች ጋር ተቀምጧል። ኦይታ የነህምያ እናት የእማማ ጌጤ ጎረቤት ነው። ዛሬ የወረደውም እሳቸው፣ ዝናቡ ሳይጠና ልጄ መጥቶ ጣሪያዬን ይይልኝ ብለው ስለላኩት ነው። ነህምያ ግን ሲገባ አየውና ፊቱን ወደ እንግዶቹ መለሰ። በየወሩ ዶርዜ እየወጣ፣ እናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ሁሉን በዓይኑ እያየ እንደሣለው ይነግራቸው ጀመር።

ሰውን በእንግዳ ፊት ስሙን ጠርቶ መውቀስ ነውር ነው። ኦይታ ወንበሩን ወደ ልክነሽ አዞረ፤ ድምፁን ግን አልቀነሰም።

«ልክነሽ እህቴ፣ ይኼን የሣለ ሰው እጁ ይባረክ። ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም... ምን ይሠራልኛል? እኔ ከሦስተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ግን ጥሩ ነገር አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ቅሉን እይው፣ ከነስንጥቁ። ላሟን እያት፣ በጋጣዋ... እንዴት ወፍራለች! ከሞተች አራት ዓመቷ እኮ ነው። እንዲህ ያለ አሳቢ ባይኖር ማን ያስታውሳት ነበር? በበሩ የሚገባውን የጠዋት ፀሐይስ? ነጩን አይቀቡትም አሉ፤ ወረቀቱን ሳይነኩ ነው የሚተዉት። መተው ትልቅ ችሎታ ነው... እኛ መቼ እንችላለን?»

ልክነሽ ብርጭቆ ማጠቧን ተወች። ኦይታም የአገሩን ቤት ነገር እንደማታውቅ ሰው አድርጎ ያስረዳት ጀመር። የቀርከሃ ቤት ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየዓመቱ ያጥራል፤ የባሰበት እንደሆነ ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳለ ይሸከመውና ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ይኼኛውንም፣ የሥዕሉን ቤት፣ አምና ተሸክመውታል። በሩ አሁን ፀሐይ መግቢያውን ነው የሚያየው።

«ስለዚህ ለእኛ የጠዋት ፀሐይ አይገባበትም። በየወሩ ለሚወጣ ሰው ግን ጌታ ያዞርለት ይሆናል፤ ምን ይሳነዋል? ቁመቱም ቢሆን... እኛ ጎንበስ ብለን ነው የምንገባው። በዚህኛው እኮ ረጅም ሰው ከነባርኔጣው ይቆማል።»

አንደኛው እንግዳ ሥዕሉን አየ፤ ቀጥሎ ነህምያን አየ። ነህምያ ስኳሩ ድሮ የሟሟውን ሻይ ማማሰሉን አላቆመም።

ኦይታ ስለ ሸክሙ ቀንም ነገራት። በበሩ በኩል የሚይዘው የቤቱ ልጅ ነው። እማማ ጌጤ ያን ቦታ ለማንም አልሰጥም ብለው እስከ ቀትር መንገድ መንገዱን ሲያዩ፣ ሠላሳ ወንድ በየቦታው ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ ኦይታ ገባበት።

«ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ልክነሽ። የሥዕል ሰው ትከሻው ለሸክም እንደማይሆን ማን አሰበ? ደግሞ ይኼን አልጋ እይው፣ እንዴት ደረቅ ነው! የእናትየው አልጋ ያፈስበታል፤ አሁን እሳቱ ጥግ መሬት ላይ ነው የሚተኙት። ውሃው እዚያም አለ፣ እዚህም አለ። ልዩነቱ... የዚህኛውን የያዘው ባለሙያ መሆኑ ነው። እሳቸውም ዝናቡ ሳይጠና ልጃቸውን ማየት ፈልገው ልከውኝ ነበር። እኔ ግን የት አገኘዋለሁ? ከተማው ሰፊ ነው።»

ከዚያ ተነሣ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ለታመመ ሰው እንደሚጸልይ እጁን ወደ ሥዕሉ ዘረጋ።

«እንግዲህ ልመርቀው። ጌታ ዕድሜ ይስጠው፤ ለሽበት ያብቃው። ወንድ ልጅም ይስጠው፣ ልክ እሱን የመሰለ፣ ምንም ያልጎደለው። ሲያረጅም ያ ልጅ አይርሳው... ካለበት ሩቅ አገር ሆኖ፣ አባቱን እንዲህ አሳምሮ ይሣለው። አሜን በይ እንጂ፣ ልክነሽ።»